የአባባ ሽፋሽፍትና የኔ

ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለቀ። ተፈትኖ የጨረሰ ሰው ውጤቱ እስኪመጣ ምን እንደሚሠራ ማንም ስላልነገረኝ፣ ከሒሳብ ደብተሬ የተጻፈበትን ገጽ ቀድጄ ባዶውን ለዚህ አዋልኩት።

ደብተር ሆይ፣ የቤቱን ሰው ሳያውቁ ዘው ማለት ነውር ነውና ላስተዋውቅህ። አንደኛ አባባ፣ የእናቴ አባት፣ መሪጌታ ገብረ አምላክ። የድጓ መምህር ናቸው፤ ሰቆጣ ላይ ከሳቸው ድምፅ የሚበልጥ ደወሉ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አልፎ አልፎ ይሸነፋል። ሁለተኛ እትዬ ወለተ ገብርኤል፣ የእናቴ ታላቅ እኅት። ስታወራ በአማርኛ፣ ስትቆጣ በአገውኛ ነው፤ ሁለቱንም ስለምሰማ ከየትኛውም አላመልጥም። ሦስተኛ እኔ፣ ጸሐይነሽ። እናትና አባቴ ገጠር ናቸው፤ ለትምህርቴ ብለው ለአባባ ሰጡኝ። አባባ ደግሞ ለዓይናቸው ብለው ተቀበሉኝ።

ቀልዴን አይደለም። የሰው ሽፋሽፍት ወደ ውጭ ይበቅላል፤ የአባባ ግን ወደ ውስጥ ነው የሚበቅለው። ብሌናቸውን ይወጋዋል፣ ያስለቅሳቸዋል። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ፀሐይ ሲወጣ ደጅ እንቀመጣለን፤ ራሳቸውን ጭኔ ላይ ያሳርፋሉ፣ እኔም በወረንጦ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ሌላ የሚነቅል የለም። የእትዬ ዓይን ከእሾህ በታች ያለውን አያይም፤ የተማሪዎቻቸው እጅ ደግሞ እንጨት ለመልቀም እንጂ ለዚህ አይሆንም። እያንዳንዷ ፀጉር ስትወጣ አባባ “እፎይ” ይሉና አንድ ምርቃት ይሰጡኛል። አንዳንዴ ምርቃቱ እንዲበዛ ብዬ ነቅዬ የጨረስኩትን “ቆይ፣ አንዲት ቀርታለች” እላለሁ። እሳቸውም ያውቁብኛል፤ ግን ይመርቃሉ።

ሰኔ ፳፩

ማርያም ናት፤ ሥራ የለም። የክፍል ጓደኛዬ ጥሩሐረግ መጣችና ቀኑን ሙሉ ስለ ደሴ አወራች። ካለፍን ዘጠነኛን የምንማረው ደሴ ነው፤ እዚህ ዘጠነኛ የለም። አባቷ አቶ ደሴ ይባላሉ፤ “ደሴን በደሴ አስይዤ እሄዳለሁ” እያለች ራሷ ትስቃለች።

አባባ ጠሯትና “ደሴ ሩቅ አይደለም፤ ሩቅ የሚያደርገው ያልሄደ ሰው ነው” አሏት። እኔ ውኃ ልቀዳ የወጣሁ ሲመስላቸው ግን ለእትዬ፣ የዚችን ያህል የሚያይ ዓይን ከወዴት ይገኛል ሲሉ ሰማሁ።  እንስራውን አስቀምጬ ከግንቡ ጀርባ ትንሽ ቆየሁ።

አሁን ይህን ስጽፍ ሁለት ሽፋሽፍት ገጹ ላይ ወደቁ። እፍ አልኳቸው።

ሰኔ ፳፯

ዝናብ። ጣሪያው ያፈሳል። እትዬ ትጠራኛለች። ደሴ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች ራሳቸው ነው አሉ ወጥ የሚሠሩት። አባባ ዛሬ ሳይነቀልላቸው ስለዋለ በእጅጌያቸው ሲጠርጉ ዋሉ። ነገ። ዛሬም ሦስት ወደቀ።

ሐምሌ ፫

ለክሊኒኩ አዲስ ድሬሰር መጥቶለታል። ምንዋጋው ይባላል። አስመራ የዓይን ሐኪም ቤት ሠርቷል፤ ይህን የማያውቅ ሰቆጣ ውስጥ የቀረ ካለ ገና ያልተወለደ ነው፤ አፉን የሚከፍተው “አስመራ ሳለሁ” ብሎ ነውና። ፀጉሩን ቅባት ስለሚቀባ ዝናብ ሲመታው ውኃው ከዳክዬ ጀርባ ላይ እንደሚወርድ ይንከባለላል።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አባባን አስቁሞ የዓይናቸውን ቆብ ገለበጠና አየ። ከውስጥ በኩል የቆየ ጠባሳ አለ አላቸው፤ ጠባሳው እንደ ደረቀ ጠፍር እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ፀጉሩም አብሮ ይገባል። መንቀል ለሳምንት ያህል ያስታግሳል እንጂ አያድንም፤ እንዲያውም ተነቅሎ የሚመለሰው አጭርና ሹል ስለሆነ ይብሳል፤ ብሌኑን እየፋቀ እየፋቀ አንድ ቀን ያጠፋዋል። እሱ ግን ቆቡን ትንሽ ቆርጦ ወደ ውጭ ገልብጦ መስፋት ይችላል፤ አስመራ ሳለ ስንቱን ሰፍቷል።

አባባ አመሰገኑት። ከዚያ ጾመ ሐዋርያት ስለሆነ ደም ማፍሰስ እንደማይሆን አስረዱት። ጾሙ ከነገ ወዲያ ያልቃል ሲላቸው፣ ጾሙ ሲያልቅ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው፣ ከዚያ ሥላሴ፣ ከዚያ ቂርቆስ ወገብርኤል፣ እሱን ሳትጨርስ ፍልሰታ ይገባል አሉት። ምንዋጋው በጣቱ ሲቆጥር ጣት አለቀበት።

እኔ የማውቀውን እሱ አያውቅም። አባባ ቢላዋ ይፈራሉ። በግ ሲታረድ እንኳ ዳዊት ይዘው ወደ ጓሮ ነው የሚሄዱት።

ሐምሌ ፲፩

ተያዝኩ። እኔ ሳልሆን ዓይኔ።

እትዬ ጠዋት ጭንቅላቴን እየሠራችልኝ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረችና እጇ ቆመ። “ሽፋሽፍትሽ የት ሄደ?” አለችኝ። ወደቀ አልኳት። እንዴት ወደቀ አለች። እንደ ቅጠል አልኳት። ከላይ በቀኝ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ አለች፤ በግራ ደግሞ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ በአገውኛ ጀመረች፤ እሱን አልጽፈውም።

እስከ ማታ የጎረቤት ሴቶች ሁሉ ዓይኔን አይተው ሄዱ። ሁሉም የየራሱ አለው። አንዷ ቡዳ ነው አለች፤ ውብ ዓይን ስለነበረኝ። እስከ ዛሬ ውብ ዓይን እንዳለኝ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ሲጠፋ ነው የተነገረኝ። ሌላዋ በሌላ ሰው የኩል እንጨት ተኩለሽ ነው አለች። ሦስተኛዋ መጻሕፍት ማንበብ ነው አለች፤ እሷ ልጇን ከትምህርት ቤት ያስወጣች ናት። አንዲት አሮጊት ደግሞ ቅንድቤን በጣታቸው ዳሰሱ፣ እትዬን ወደ ጓሮ ወስደው አንሾካሾኩላት። እትዬ ስትመለስ ከንፈሯ ደርቆ ነበር።

ከአባባ ዓይን ነው የተጋባባት ብላ ወሰነች እትዬ። ከዛሬ ጀምሮ ወረንጦውን እንዳልነካ። ወረንጦውን ጡቷ ሥር አደረገችው።

 አባባ ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ እኔ ወደሳቸው ስጠጋ እሳቸው ደግሞ ይርቃሉ። መደብ ላይ እንደ እርቅ ሽማግሌ ተፋጠን ዋልን።

ሐምሌ ፲፮

ከምሳ በኋላ ዝናቡ ሲወርድ እንቅልፍ ወሰደኝ። ክንዴ ላይ እሳት የነካኝ መስሎኝ ጮኼ ተነሣሁ። እትዬ መርፌ ይዛ አጠገቤ ተንበርክካለች። ክንዴን ወግታኝ ነው።

አበደች ብዬ ልሸሽ ስል አንገቴን አቅፋ “ተመስገን፣ ተመስገን” እያለች አለቀሰች። ያመኛል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። እንዴት አያመኝም አልኳት። እንግዲያ ሌላኛውንም ልይ አለች፤ ሌላኛውንም ወጋች፤ እዚያም ጮኽኩ፤ እዚያም ተመስገን አለች። በሕይወቴ ጮኼ እንዲህ ያስደሰትኩት ሰው የለም።

በኋላ ነገሩ ገባኝ። ያቺ አሮጊት ያንሾካሾኩት ስለ ሥጋ ደዌ ነው። ቅንድብና ሽፋሽፍት ይጥላል፤ ሥጋውም ሲወጉት አይሰማም ይባላል። እትዬ ይህን ተሸክማ ነው አምስት ቀን ሙሉ ያደረችው። ማታ ከራሷ ድርሻ ማር ጨመረችልኝ።

ልነግራት የሚገባ ነገር ነበር። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። መርፌው የነካኝ ቦታ ሁለቱም አብጧል።

ሐምሌ ፳፪

የደረሰብኝ መድኃኒት፦ ጉሎ ዘይት። ቅቤ። ጉሎ ዘይት ከቅቤ ጋር። ጎህ ሳይቀድ የሚካኤል ጸበል፤ በዚህ ብርድ ቅዱስ ሚካኤልም የሚነሣ አይመስለኝም። አንድ ደብተራ ክታብ ልጻፍላት ቢሉ አባባ፣ እኔ ያስተማርኩህን ለልጄ ልጅ መልሰህ ልትሸጥልኝ ነው ወይ ብለው መለሷቸው።

በመጨረሻ እትዬ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ምንዋጋው በባትሪ አየኝ፤ ቅንድቤን አየ፣ ጆሮዬን አየ፣ ጉልበቴን በመዶሻ መታ። ሥጋ ደዌ አይደለም ሲል እትዬ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እሱም ከደስታው ብዛት ሌላም ነገር ጨመረላት፤ ቆቡ ንጹሕ ነው፣ እንደ መሪጌታ ጠባሳ የለበትም፣ ከሳቸው አልተጋባባትም። ሥሩ ካልሞተ ሽፋሽፍት በሁለት በሦስት ወር ይመለሳል። ታዲያ ለምን ወደቀ ስትለው አሰበና ወስፋት ሳይሆን አይቀርም አለ። የወስፋት ኪኒን ሰጠኝ። አስመራ ሳለ ያልሰጠው ሰው የለም መሰለኝ።

በመንገድ ላይ እትዬ እጄን ይዛ ነበር፤ ሕፃን ሳለሁ እንደምትይዘኝ። እጄ ባዶ ሲሆን ወዴት እንደሚሄድ ስለማውቅ እንድትለቀኝ አልፈለግኩም።

ኪኒኑ ያስቀምጣል። ሌላ የምጽፈው የለም።

ሐምሌ ፳፱

የዛሬውን መጻፍ አለብኝ፤ ሳልስቅ መጻፍ ግን አልችልም፤ ሳላለቅስም።

ሐኪሙ አልተጋባባትም ቢልም እትዬ ወረንጦውን አልሰጥም ብላ እሷው ልትነቅል ተቀመጠች። አባባ መስቀላቸውን ጨብጠው ተኙ። በመጀመሪያዋ ቆዳውን ያዘችው። በሁለተኛዋ ደህናውን ፀጉር ነቀለችው፤ ከጠቅላላው ደህና የነበረ እሱ ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ላይ አባባ፣ ሰማዕታት ሁሉ ያዩትን እንዳዩ፣ ይህን ግን እንዳላዩ ነገሯት። እትዬም ዓይኗን አጥብባ ወደ ታች ስታጎነብስ ከእንባቸው በቀር የሚታያት የለም፤ ምክንያቱም እሷም ታለቅሳለች። ተማሪዎቹ ከአጥሩ ማዶ ድጓውን አቁመው ያዳምጣሉ።

አባባ ተነሥተው “በቃ ወለቴ፤ ይውጋኝ” አሏትና ገቡ።

አመሻሹ ላይ ዓይናቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። አጠገባቸው ሄጄ ልየው ብላቸው አንቺ ተይ፣ ተይኝ ልጄ አሉ። ከዚህ በፊት ተይኝ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ግራው ላይ ዳር የቀረው ዛሬ ወደቀ። ሲወድቅ ትንሽ እፎይ አልኩ።

ነሐሴ ፮

ፍልሰታ። አባባ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያድራሉ። ዛሬ ምግባቸውን ይዤላቸው ስሄድ ከዓምዱ ጀርባ ቆሜ አየኋቸው። መጽሐፉን ዘርግተው ለተማሪዎቹ ያሰማሉ። አንድም ቃል አይስቱም። ግን ገጹን የሚገልጡት ዘግይተው ነው፤ ቃሉ ወደሚቀጥለው ገጽ ከተሻገረ ብዙ ቆይቶ እጃቸው ትዝ ይላታል።

አያነቡም ማለት ነው። በቃላቸው ነው የሚያሰሙት።

ለማንም አልነገርኩም። ተማሪዎቹም ያወቁ አይመስልም፤ ቢያውቁም አያወሩም፤ እሳቸውን ይወዳሉ። እኔ ደሴ ብሄድ ይህን የሚያይ አንድም ሰው አይኖርም ብዬ አሰብኩ። ደሴ ባልሄድስ? ወረንጦውን እትዬ አትሰጠኝም። ብሄድም ባልሄድም አይነቀልላቸውም እንግዲህ። እንዲህ እያሰብኩ መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ቤት ስደርስ ጣቴ ላይ ሁለት ነበሩ።

ነሐሴ ፲፯

ሻደይ። ከትናንት ጀምሮ ከተማው የሴት ልጅ ነው። ቅጠሉን ወገቤ ላይ ያሰረችልኝ ጥሩሐረግ ናት። ዓይኔን ስትኩለኝ ብዙ ተቸገረች፤ ኩሉ የሚይዘው አጣ። በመጨረሻ ቆቡ ላይ ወፍራም መስመር አሰመረችልኝ። እንደ ጉጉት ነሽ አለችኝ። ጉጉት ሽፋሽፍት አላት ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ማንም አይቶ የተመለሰ የለም አለች። ስቀን ሄድን።

ከቤት ቤት ዘፈንን። ከበሮውን ስይዝ ሁሉም ደህና ነው፤ ሁለት እጄም ሥራ አለው። አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንዞር አንዲት እመቤት ትክ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ መጡና የልጃቸውን እጅ ከእጄ አላቀቁ። ቀስ ብለው፣ ሰው ሳያይ፣ ትኩስ ድስት እንደሚያነሣ ሰው። ልጅቱ ምን እንደሆነ አልገባትም። እኔን ግን ገብቶኛል።

ጥሩሐረግ በባዶው ቦታ ገባችና እጄን ያዘች። ግጥም ገጠመች፤ በሴትዮዋ አፍንጫ ላይ። አልጽፈውም ምክንያቱም አፍንጫው በጣም ትልቅ ነው፣ ገጹ አይበቃም።

ነሐሴ ፳፭

አለፍን። እኔም ጥሩሐረግም።

እትዬ እልል አለች፤ ተማሪዎቹ ጭምር አጨበጨቡ። አባባ ተነሥተው መረቁኝ። ብዙ መረቁ፤ እንደ ድሮው ለአንድ ፀጉር አንድ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የጎደለውን ሁሉ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፤ የተለመደው እንባ ይሁን ሌላ አልለየሁትም። አቶ ደሴ ልጃቸውን መስከረም ስድስት ቀን እስከ ኮረም በበቅሎ እንደሚወስዱ፣ እኔንም እንደሚጨምሩ ላኩ። ከኮረም አውቶቡስ አለ።

ዛሬ በላይኛው በኩል የቀረ የለም።

ጳጉሜን ፪

እትዬ ገበያ ወጣች። ወረንጦውን ትራሷ ሥር አገኘሁት። አባባ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ ዓይናቸውን ጨፍነው። ምንም ሳልጠይቅ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ራሳቸውን ወደ ጭኔ ሳብኩ። መጀመሪያ እንቢ ሊሉ ነበር። ከዚያ አንገታቸው ላላ።

ሁለት ሦስት ነቀልኩላቸው። “እፎይ” አሉ፣ መረቁ። አራተኛዋ ላይ ወረንጦው ሁለቴ ሲስትብኝ ጊዜ እጃቸውን ወደ ፊቴ ሰደዱና አውራ ጣታቸውን ቆቤ ላይ አሳረፉ። ዳሰሱ። ቀኙን። ግራውን። ብዙ ቆዩ።

“ይሄ አልወደቀም” አሉ።

ወረንጦውን ዝቅ አደረግኩ።

“የወደቀ ፀጉር ቦታው እንደ ሕፃን ጉንጭ ይለሰልሳል። ይሄ እንደ ታጨደ ማሳ ነው፤ አንዱ አጥሯል፣ አንዱ ገና ብቅ ብሏል። የተነቀለን ሽፋሽፍት እኔ አላውቀውም እንዴ? ሠላሳ ዓመት ተሸክሜዋለሁ።”

ደብተር ሆይ፣ ላንተም እስካሁን ወደቀ ነበር የምልህ። አንተን ላታልል ሳይሆን፣ የምነቅለው እኔ መሆኔን እኔም እንዳላምን ብዬ ነው።

አልተቆጡም። እጃቸውን አላነሡም። “እኔን የምትነቅይኝ ስለሚወጋኝ ነው” አሉ። “አንቺን ምን ወጋሽ?”

ስቄ ላመልጥ ሞከርኩ፤ ሳቁ አልመጣም። “እኔ ደሴ ስሄድ ማን ይነቅልልዎታል?” አልኳቸው።

 ከአጥሩ ማዶ አንድ ተማሪ አንዲት ዜማ ሳተ፤ አባባ ሳያርሙት አለፉ። ይህን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

“እንግዲያ ያንቺ የገባ ፀጉር እኔ ነኛ” አሉ በመጨረሻ። አይደሉም አልኳቸው። ናቸው አሉ። ከዚያ ተነሥተው በትራቸውን አነሡና የምንዋጋው ቤት በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ።

ጳጉሜን ፬

ምንዋጋው ከዚህ ቀደም በተቆጠሩበት በዓላት ቂም ይዞ ነበር መሰለኝ፣ ባሕረ ሐሳብ የያዘ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ይዞ መጣ። አባባ የትኛው ቀን እንደሆነ ሲነግሩት ደነገጠ፤ እሳቸው ራሳቸው መረጡ። መስከረም ሁለት። የመጥምቁ የዮሐንስ አንገት የተቆረጠበት ቀን ነው ሲላቸው አንድ ተማሪ፣ እሱ አንገቱን ከሰጠ እኔ የዓይን ቆቤን ብሰጥ ምን ይበዛብኛል አሉ።

አባባ ለእትዬ ስለ ዓይኔ የነገሯት ነገር አለ። ምን እንዳሏት አላውቅም። ማታ ፀጉሬን ልትሠራልኝ ስትቀመጥ ሁለት እጄን ይዛ ጥጥ አስያዘችኝ፤ ፍተይ አለች። አልተቆጣችኝም፣ አልጠየቀችኝም። እስክንተኛ ድረስ ፈተልን።

መስከረም ፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ተሠራላቸው። ቀኝ ዓይናቸው። እኔ ራሳቸውን ያዝኩ።

ማደንዘዣው ሲወጋቸው እግራቸው እንደ ጥጃ ተወራጨ። ቢላዋው ሲነሣ ድጓ ጀመሩ። በሙሉ ድምፅ። ምንዋጋው መሪጌታ ሆይ፣ በዜማው ቆቡ ይንቀጠቀጣል፣ ዝም ይበሉልኝ አለ። አባባ “እኔ ዝም ካልኩ ያንተ እጅ ይንቀጠቀጣል” አሉት። እውነት ነበር፤ ላብ ከቅባቱ ጋር እየወረደ ነበር። በሹክሹክታ እንዲያዜሙ ተስማሙ። ሲሰፋ አንዲት ረጅም ድምፅ ያዙና እስከ መጨረሻው ስፌት አልለቀቋትም። ምን ያህል ትንፋሽ እንዳላቸው ዛሬ ነው ያወቅኩት። ደሙ ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ሁለቱም እጄ ሥራ ላይ ስለነበር ምንም አልነካሁም።

መስከረም ፬

ፋሻው ተፈታ። ስፌቱ ገና ነው፣ ያበጠ ነው፣ ግን ፀጉሩ እንደ ሰው ወደ ውጭ ይመለከታል። አባባ ወደ በሩ ዞሩ፣ ወደ እትዬ ዞሩ፣ ወደ እኔ ዞሩ። ቆዩ።

“ወለቴ፣ ይቺ ልጅ እንቁላል ነው እንዴ የምትመስለው?” አሉ።

እትዬ በአገውኛ ሰደበቻቸው። አባቷን ስትሰድብ የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ስፌቱ እንዳይበጠስ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው።

መስከረም ፭

ነገ እንወጣለን። ዕቃው ተጠቅልሏል፤ በሶ፣ ማር፣ ሁለት ቀሚስ። ማታ አባባን፣ አንድ ሳምንት ብቆይስ፣ ግራው ሲሠራ ራስዎን ልያዝ፣ ከዚያ ሌላ ነጋዴ ይወስደኛል አልኳቸው። ምንዋጋው ግራውን የሚሠራው ሐሙስ ነው።

አባባ ለምንዋጋው የነገሩትን ያኔ ነገሩኝ። ግራው የሚሠራው እኔ ከተማውን ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ ነው። አንድ ቀን ብቆይ አንድ ቀን ይዘገያል። አንድ ሳምንት ብቆይ አንድ ሳምንት ይወጋቸዋል። እስከዚያ ወረንጦ አይነካውም፤ ለእትዬም ለተማሪዎቹም ለምንዋጋውም ተነግሯል። ግራ ዓይናቸው እንባውን እያፈሰሰ፣ ቀኙ እየሳቀ ነው ይህን የሚነግሩኝ።

ተንኮለኛ ነዎት አልኳቸው።

“ከማን የወረስሽው ይመስልሻል?” አሉኝ።

መስከረም ፱፣ ኮረም

አውቶቡሱ ረፋድ ላይ ይመጣል ተብሏል። የበቅሎ መንገዱን ነገር ሌላ ጊዜ፤ ተቀምጬ ለመጻፍ የቻልኩት ዛሬ ነው ብል ይበቃል። ጥሩሐረግ ለስንቅ ዳቦ ልትገዛ ሄዳለች፤ አቶ ደሴ ከሾፌሩ ጋር ስለ ወንበር ይከራከራሉ።

ሐሙስ ነው። ፀሐዩ ይህን ያህል ከፍ ካለ አባባ አሁን አልጋው ላይ ናቸው። ራሳቸውን እትዬ ናት የያዘችው፤ ታለቅሳለች፣ ግን ትይዛለች። ማደንዘዣው ተወግቷል። እግራቸው ተወራጭቷል። አሁን ዜማውን ይጀምራሉ፤ ምንዋጋው ዝም ይበሉ ይላቸዋል፤ ያቺን ረጅም ድምፅ የሚይዙት ሲሰፋ ነው፣ ገና ነው።

ቆቤ ላይ ያሉት ብቅ ብቅ ብለዋል፤ ስዳስሳቸው ጣቴን ይኮሰኩሱታል። ቀኝ እጄ ሦስቴ ተነሣ። ሦስቴ መለስኩት። አራተኛ እየተነሣ ነው።

እዚህ ማቆም አለብኝ፤ አባባ ያቺን ድምፅ እስኪለቁ ድረስ ሁለቱም እጄ ላይ ልቀመጥባቸው ነው።